በምግብ ቤት ማዕድ ቤቶች የመለያ ወረቀት ማተሚያዎች አተካከልና አጠቃቀም

በርካታ ተመጋቢዎችን በሚያስተናግድ ማዕድ ቤት ውስጥ ተዘጋጅቶ የሚቀመጥ ምግብ ምንነቱን፣ የተዘጋጀበትን ቀንና ሰዓት እንዲሁም አገልግሎት ላይ ሊውል የሚችልበትን የመጨረሻ ጊዜ የሚገልጽ መለያ ወረቀት፣ በተለምዶ አጠራሩ ሌብል፣ ይለጠፍበታል። ሥራው ለረጅም ጊዜ በስክሪብቶና በፕላስተር ሲከናወን የቆየ ሲሆን፣ ትላልቅ ምግብ ቤቶች ግን በየሥራ ክፍሉ አነስተኛ ማተሚያ በመትከል ከአንድ የምግብ ዝርዝር መዝገብ ጋር ማገናኘትን መርጠዋል።

ጉዳዩ ተራ የቢሮ ዕቃ ግዥ ተደርጎ እንዳይታይ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ በእንግሊዝ አገር የደረሰ አደጋ ነው። ናታሻ ኤድናን ላፔሩዝ የተባለች የ15 ዓመት ታዳጊ እ.ኤ.አ. ጁላይ 17 ቀን 2016 (ሐምሌ 10 ቀን 2008 ዓ.ም.) ከለንደን ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ ገዝታ በተመገበችው ሳንድዊች ምክንያት ሕይወቷ አልፏል። ታዳጊዋ የሰሊጥ አለርጂ የነበረባት ሲሆን፣ ሰሊጡ የዳቦው ሊጥ ውስጥ የገባ በመሆኑ በዓይን አይታይም ነበር። በማሸጊያውም ላይ አልተጻፈም። በወቅቱ የነበረው ደንብ በሚሸጥበት ቦታ ተዘጋጅቶ ለታሸገ ምግብ በእያንዳንዱ ማሸጊያ ላይ ዝርዝር እንዲጻፍ አያስገድድም ነበር። ከዚህ በኋላ የወጣውና በስሟ የሚጠራው ሕግ እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 1 ቀን 2021 (መስከረም 21 ቀን 2014 ዓ.ም.) ጀምሮ ተግባራዊ ሆኗል። ሕጉ ደንበኛው ከማዘዙ በፊት በዚያው ቦታ የሚታሸግ ምግብ ሁሉ ስሙንና የተሠራባቸውን ነገሮች ሙሉ ዝርዝር እንዲይዝ፣ አለርጂ የሚያስከትሉ 14 የምግብ ዓይነቶችም በዝርዝሩ ውስጥ ጎልተው እንዲጻፉ ያዛል። በአሜሪካም እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2023 ጀምሮ ሰሊጥ በታሸጉ ምግቦች ላይ መገለጽ ካለባቸው የአለርጂ ምንጮች ዘጠነኛው ሆኗል።

ሁለተኛው የመለያ ወረቀት ተግባር ጊዜን መቆጣጠር ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ለክልሎች በአርአያነት የሚያቀርበው የምግብ ደንብ፣ ለመበላት ዝግጁ የሆነና በቀላሉ የሚበላሽ ምግብ ከ24 ሰዓት በላይ የሚቆይ ከሆነ ቀን እንዲጻፍበት፣ በ5 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ወይም ከዚያ በታች ተቀምጦም ከ7 ቀን እንዳያልፍ ይደነግጋል። የተዘጋጀበት ዕለት አንደኛ ቀን ተብሎ ይቆጠራል። በመሆኑም ሰኞ የተዘጋጀ ምግብ የሚያበቃው እሑድ ነው፤ በቀጣዩ ሰኞ ማለት የተለመደ ስህተት ነው። የቀን ገደቡ ያስፈለገው ሊስቴሪያ የተባለው ባክቴሪያ በማቀዝቀዣ ውስጥም መራባት ስለሚችል ነው። ሌላው ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ድንጋጌ የተቀላቀሉ ምግቦችን የሚመለከት ሲሆን፣ ዛሬ የተሠራ ስጎ ከሦስት ቀን በፊት በተቀቀለ ሥጋ ላይ ቢጨመር ድብልቁ የሚይዘው የሥጋውን ቀን ነው።

ከዚህ አኳያ ሲታይ ማተሚያ የሚተከልበት ቦታ የሚወሰነው በወለሉ ስፋት ሳይሆን ምግብ በሚከፈትበት፣ በሚዘጋጅበትና ዕቃ በሚለዋወጥበት ቦታ ነው። በአብዛኛው የዕቃ መረከቢያው፣ የሥጋና የዓሣ ማዘጋጃው፣ የሰላጣና የቀዝቃዛ ምግብ ክፍሉ፣ የዳቦና የኬክ ክፍሉ እንዲሁም የማሸጊያው ጠረጴዛ የየራሳቸው ማተሚያ ያስፈልጋቸዋል። አንድ ማተሚያ መካከል ላይ አስቀምጦ ሁሉም እንዲጠቀም ማድረግ ወጪ የሚቆጥብ ይመስላል። ሆኖም ሠራተኛው ከሥራው ርቆ ላለመሄድ ሃያና ሠላሳ ወረቀት በአንድ ጊዜ አትሞ ግድግዳ ላይ ይለጥፍና በኋላ ከእጁ የገባውን ያነሳል። ወረቀት ያልተለጠፈበት ምግብ ጥያቄ ያስነሳል፤ የተሳሳተ ወረቀት የያዘው ግን አለርጂ ያለበትን ሰው አሳምኖ ያበላል። በዚህም ምክንያት የተሳሳተው ይብሳል።

ማተሚያዎቹ በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው ሙቀት ሲነካው በሚጠቁር ወረቀት ላይ ያለ ቀለም የሚያትም ሲሆን፣ ርካሽና ለአጠቃቀም ቀላል ነው፤ ጽሑፉ ግን በሙቀት፣ በብርሃንና በቅባት ይደበዝዛል። ሁለተኛው ሪባን የሚጠቀም በመሆኑ ጽሑፉ ለወራት ይቆያል። ለጥቂት ቀናት ለሚቀመጥ ምግብ የመጀመሪያው በቂ ሲሆን፣ በበረዶ ቤት ለረጅም ጊዜ ለሚቆይ ደግሞ ሁለተኛው ይመረጣል። ሙጫውም ሊታሰብበት ይገባል። ተራ ሙጫ በቀዘቀዘና በረጠበ ዕቃ ላይ አይዝም፤ በሚታጠቡ የፕላስቲክ ዕቃዎች ላይም ቅሪቱ እየተደራረበ ቆሻሻ ይይዛል። ለዚህም በውኃ የሚሟሟ ወረቀት ይገኛል።

በግንኙነት ረገድ የኔትወርክ ገመድ ከሌሎቹ የተሻለ ነው። የተለመደው የዩኤስቢ ገመድ ከ5 ሜትር በላይ አስተማማኝ አይደለም፤ የኔትወርክ ገመድ ግን እስከ 100 ሜትር ይደርሳል። ገመድ አልባው ዋይፋይ በ2.4 ጊጋኸርዝ የሚሠራ ከሆነ ማይክሮዌቭ ምድጃ በበራ ቁጥር ሊታወክ ይችላል፤ የብረት ማቀዝቀዣዎችና ግድግዳዎችም ሞገዱን ይከለክላሉ። እያንዳንዱ ማተሚያ የማይለዋወጥ አይፒ አድራሻ ሊሰጠው ይገባል። አድራሻው በራሱ የሚለዋወጥ ከሆነ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ የሥጋ ክፍሉ ወረቀት በሰላጣ ክፍሉ ማተሚያ ሊወጣ ይችላል። ስማቸውም በፋብሪካ ቁጥር ሳይሆን «ሥጋ 1»፣ «ሰላጣ 1» በሚል የሥራ ክፍላቸውን እንዲገልጽ፣ ይኸው ስም በማተሚያው አካልና በሚታተመው ወረቀት ጥግ ላይ እንዲሰፍር ማድረግ ያስፈልጋል። ተከላው ተጠናቋል ከመባሉ በፊት ኃይሉን በሙሉ አጥፍቶ መልሶ በማብራት ሁሉም ማተሚያ የራሱን ወረቀት ማውጣቱን ማረጋገጥ ተገቢ ነው። የወረቀቱ መጠን በተቀየረ ቁጥር ማተሚያው በወረቀቶቹ መካከል ያለውን ክፍተት እንደገና እንዲለይ ካልተደረገ ጽሑፉ ተንሸራቶ ቀኑ ተቆርጦ ይወጣል።

የምግቡ ዝርዝር መቀመጥ ያለበት በአንድ ማዕከላዊ መዝገብ ሲሆን፣ በየክፍሉ የሚታየው የዚያ ክፍል ምግብ ብቻ ሊሆን ይገባል። ዝርዝሩን ማሻሻል የሚችለው ሰው ተለይቶ መታወቅ አለበት። አቅራቢው የዳቦ ዱቄቱን ዓይነት ሲቀይር በአንዱ ማተሚያ ላይ ተስተካክሎ በሌላው ላይ የቀረ ዝርዝር፣ አለርጂ ላለበት ተመጋቢ ትልቅ አደጋ ነው።

አሠራሩን በኢትዮጵያ ለሚተገብሩ የዩኒቨርሲቲ፣ የሆስፒታልና የሆቴል ማዕድ ቤቶች ከውጭ መመሪያዎች ውስጥ የማይገኙ ሦስት ጉዳዮች አሉ። አንደኛው ፊደል ነው። በበርካታ ማተሚያዎች ውስጥ የግዕዝ ፊደል ስለማይገኝ በአማርኛው ምትክ ባዶ ሳጥን ወይም የጥያቄ ምልክት ይወጣል። መፍትሔውም ፊደሉን ወደ ማተሚያው መጫን ወይም ጽሑፉን በምስል መልክ መላክ ነው። የፊደላችን ቅርጽ ጥቃቅን ልዩነት ያለው በመሆኑ በትንሽ ወረቀት ላይ በ1 ሚሊ ሜትር 8 ነጥብ ከሚያትመው ይልቅ 12 ነጥብ የሚያትመው ለንባብ ይመቻል። ሁለተኛው ሰዓት ነው። «2፡00» የሚል ጽሑፍ ለአንዱ የጧቱን ሁለት ሰዓት፣ ለሌላው በፈረንጅ አቆጣጠር ሌሊት ስምንትን ሊያመለክት ስለሚችል አንዱን መርጦ «ከጧቱ» ወይም «ከሌሊቱ» የሚለውን ቃል አብሮ ማተም ያስፈልጋል። ሦስተኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። በሰባት ቀን ስሌት ነሐሴ 30 የተዘጋጀ ምግብ የሚያበቃው መስከረም 1 ሲሆን፣ ጳጉሜን ስድስት በምትሆንበት በዘመነ ሉቃስ ግን ጳጉሜን 6 ነው። ሶፍትዌሩ ይህን መለየቱ ከግዥ በፊት መፈተሽ ይኖርበታል።

በለንደንና በሌሎች የብሪታንያ ከተሞች የሚገኙ የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች አስቀድመው አሽገው ለሚሸጡት ምግብ የዚያው አገር ሕግ ይመለከታቸዋል። ሰናፍጭ፣ ሰሊጥ፣ ኦቾሎኒና ከቅቤ የሚገኘው የወተት ተዋጽኦ ከ14ቱ ውስጥ ይገኛሉ። ጤፍ ግሉተን የለውም፤ ስንዴ ወይም ገብስ የተቀላቀለበት እንጀራ ግን አለው። በአንድ ምግብ ቤት ሁለቱም ዓይነት እንጀራ የሚጋገር ከሆነ መለያው ከምጣዱ ሲወጣ እንጂ ከተደራረበ በኋላ መለጠፍ የለበትም።

በግዥ ሰነድ ላይ ከማሽኑ ዋጋ ባልተናነሰ ሁኔታ የወረቀቱ አቅርቦት ሊገለጽ ይገባል። አንዳንድ ማተሚያዎች የአምራቹን ጥቅል ብቻ የሚቀበሉ በመሆናቸው ጥቅሉ ከገበያ ሲጠፋ ማሽኑ ሥራ ያቆማል። የጥቅሉ መሐል ቀዳዳም በትናንሾቹ ማተሚያዎች አብዛኛውን ጊዜ 25፣ በትላልቆቹ 76 ሚሊ ሜትር ስለሆነ የተለያዩ ማሽኖችን ቀላቅሎ መግዛት የመጋዘን ሥራን ያወሳስባል። ለሁሉም ክፍሎች አንድ ዓይነት ማተሚያ መግዛትና አንድ ትርፍ በመጠባበቂያነት መያዝ፣ ማተሚያዎቹንና የኔትወርክ መሣሪያውን የኃይል መቆጠብያ ባትሪ ላይ ማገናኘት፣ መብራት ለረጅም ጊዜ ሲጠፋም በእጅ የሚሞሉ አስቀድመው የታተሙ ወረቀቶችን በየክፍሉ ማስቀመጥ የተሻለ አሠራር ነው። የማተሚያው ራስ በአልኮል በራሰ ጨርቅ መጽዳት ያለበት ሲሆን፣ የጥቅል ወረቀት በተቀየረ ቁጥር ቢከናወን ይመረጣል።