ከኤሌክትሪክ ረብሻ የሚያመልጠው የብርሃን ገመድ፦ ከጅቡቲ ባቡር እስከ ፍተሻ ክፍል

ከአዲስ አበባ ተነስቶ ወደ ጅቡቲ ከተማ የሚጓዘው ባቡር ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሸፍነው ከራሱ በላይ በተዘረጋ ሽቦ ሥር ነው። ሽቦው 25 ሺህ ቮልት ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ከዚያው ሽቦ አጠገብ ደግሞ ባቡሩ እንዲያልፍ ወይም እንዲቆም የሚያዝዙ ደካማ የመልእክት ምልክቶች ይመላለሳሉ። ኃይለኛው ደካማውን እንዳያውክ መጠበቅ የባቡር መሐንዲሶች ዋነኛ ሥራ ነው።

በአንድ አካባቢ የሚገኙ የኤሌክትሪክ መሣሪያዎች ሳይረባበሹ አብረው መሥራት መቻላቸው በሙያው ቋንቋ የኤሌክትሮማግኔቲክ ተጣጣሚነት ይባላል። ጉዳዩ ሬዲዮ ከተስፋፋበት ዘመን ጀምሮ የነበረ ነው። በሬዲዮ ስርጭት ላይ የሚደርሰውን ረብሻ የሚመለከተው ዓለም አቀፍ ልዩ ኮሚቴ ሲስፕር የተቋቋመው እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ1934 ነበር።

ረብሻው ከየት ይመጣል?

ፈረንሳዮች እንደ አውሮፓውያኑ በ1897 መሥራት የጀመሩትና በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው አሮጌው የምድር ባቡር በእንፋሎት፣ ኋላም በናፍጣ ነበር የሚሄደው። በ2016 የተመረቀው አዲሱ መስመር ግን በኤሌክትሪክ ይንቀሳቀሳል። ባቡሩ ከላይኛው ሽቦ የሚቀበለው ኃይል ወደ ማከፋፈያ ጣቢያው የሚመለሰው በሐዲዱና በከፊልም በመሬት በኩል ነው።

ይህ ተለዋዋጭ ጅረት በዙሪያው መግነጢሳዊ መስክ ይፈጥራል። ከሐዲዱ ጎን ለጎን ለብዙ ኪሎ ሜትሮች የተቀበረ የመዳብ ገመድ ካለ፣ መስኩ በገመዱ ውስጥ ያልተፈለገ ቮልቴጅ ያሳድራል። መልእክት ሊያደርስ የተዘረጋው መዳብ ሳይፈልግ የአንቴና ሥራ ይሠራል ማለት ነው።

የባቡር ምልክት ሥርዓቶች ብልሽት ሲገጥማቸው ቀይ አሳይተው ባቡሩን እንዲያቆሙ ተደርገው ይሠራሉ። ስለዚህ ረብሻ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስከትለው መዘግየትን ነው። አብዛኛው የወጪና ገቢ ንግዷ በጅቡቲ ወደቦች ለሚያልፍ ኢትዮጵያ መዘግየትም ዋጋ አለው። ከሁሉ የከፋው ግን መስመሩ ባልተለቀቀበት ሰዓት አረንጓዴ መብራት እንዲበራ የሚያደርግ ስህተት ነው። የባቡር መሣሪያዎች ለብቻቸው የተዘጋጀ ዓለም አቀፍ የተጣጣሚነት ደረጃ የወጣላቸውም በዚህ ምክንያት ነው።

መስታወት ለምን ተመረጠ?

ፋይበር ኦፕቲክ መልእክትን የሚያጓጉዘው በኤሌክትሪክ ሳይሆን በብርሃን ነው። ገመዱ ከፀጉር ያልተናነሰ ቅጥነት ያለው መስታወት ሲሆን መስታወት ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። የ25 ሺህ ቮልት ሽቦ በአጠገቡ ቢያልፍ በውስጡ ቮልቴጅ አይፈጠርም፤ መብረቅ ቢወድቅም የመስታወቱ ክር ኃይሉን ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው አያሻግርም።

በከፍተኛ ቮልቴጅ መስመሮች ላይም ይኸው ጠባይ ይሠራበታል። እንደ አውሮፓውያኑ ከ2011 ጀምሮ የኢትዮጵያን ኃይል ወደ ጅቡቲ የሚያደርሰውን የመሰሉ መስመሮች ከምሰሶዎቹ አናት ላይ የመብረቅ መከላከያ ሽቦ ይዘረጋላቸዋል። በዓለም ዙሪያ በዚህ ሽቦ እምብርት ውስጥ የብርሃን ክሮችን አኑሮ የመልእክት መስመር ማድረግ የተለመደ አሠራር ነው።

በፍተሻ ክፍሉ ውስጥ

አንድ መሣሪያ ለባቡር፣ ለተሽከርካሪ ወይም ለሆስፒታል አገልግሎት ከመዋሉ በፊት ሆን ተብሎ ይረበሻል። ፍተሻው የሚካሄደው ግድግዳው በብረት በተለበጠና ሞገድ በሚውጡ ሾጣጣ ነገሮች በተሸፈነ ክፍል ውስጥ ነው። አንቴና ኃይለኛ የሬዲዮ ሞገድ ይለቅበታል። ለቢሮና ለፋብሪካ ዕቃዎች የመስኩ ጥንካሬ ብዙ ጊዜ በሜትር ከ3 እስከ 10 ቮልት ሲሆን፣ በተሽከርካሪ አካላት ላይ እስከ 200 ቮልት ሊደርስ ይችላል።

በዚህ ጊዜ ሰው ክፍሉ ውስጥ አይቆይም። ሆኖም የፍጥነት መለኪያው ዘለለ ወይ? ስክሪኑ ተንቀጠቀጠ ወይ? የማስጠንቀቂያ መብራቱ በራ ወይ? የሚለውን ማየት ግድ ነው። ተራ ካሜራ ቢገባ እሱም ይታወካል። ያኔ በምስሉ ላይ የሚታየው መንቀጥቀጥ የካሜራው ይሁን የተፈታሹ መሣሪያ ለመለየት ያዳግታል። የካሜራው የመዳብ ገመድም ሞገዱን እየሰበሰበ የመስኩን ቅርጽ ያዛባል።

ስለዚህ ለዚህ ሥራ የሚውለው ካሜራ በብረት ሳጥን ይዘጋል፤ ሌንሱ ፊት ሞገድ የሚያግድ ስስ መረብ ወይም ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ሽፋን ያለው መስታወት ይደረግበታል። ኃይል የሚያገኘው ብዙ ጊዜ ከባትሪ ሲሆን ምስሉ በፋይበር ይወጣል። ከተሽከርካሪው ኮምፒውተሮች የሚነበበው መረጃና ድምፅም ወደ ብርሃን ተለውጦ በዚያው መንገድ ይጓዛል። ክሩ ግድግዳውን የሚያልፈው በቀጭን የብረት ቱቦ ነው። ቱቦው እጅግ ጠባብ በመሆኑ ብርሃን የያዘው ክር ሲያልፍ የሬዲዮ ሞገዱ ግን ተዳክሞ ይቀራል።

ፋይበር የማይከላከለው

የብርሃን ገመድ ከሁሉም አደጋ ነፃ አይደለም። ብርሃኑን ወደ ኤሌክትሪክ የሚመልሱት በሁለቱም ጫፍ ያሉ ሳጥኖች እንደማንኛውም ኤሌክትሮኒክስ ሊረበሹ ስለሚችሉ ራሳቸው ጥበቃ ይሻሉ። በባሕር ውስጥ የሚዘረጉ ረጃጅም መስመሮችም ብርሃኑን በየርቀቱ ለሚያጎለብቱ መሣሪያዎች ኃይል የሚያደርስ የመዳብ ሽፋን አላቸው።

በርካታ የባሕር ሥር ገመዶች የሚያርፉባት ጅቡቲ የሌላውን ድክመት ዋጋም ታውቀዋለች። እንደ አውሮፓውያኑ በ2024 መጀመሪያ ላይ ጅቡቲን ከሚያገናኙት አንዱ የሆነውን ኤኤኢ-1ን ጨምሮ በቀይ ባሕር ውስጥ ገመዶች ተቆርጠው ነበር። የአሜሪካ ባለሥልጣናት ምክንያቱ በሁቲዎች የተመታችው ሩቢማር የተባለች መርከብ መልህቅ ሳይሆን እንደማይቀር ገልጸዋል። ኤሌክትሮማግኔቲክ መስክ ሊያውከው ያልቻለው መስታወት በተጎተተ ብረት ተበጥሷል።

መሐንዲሶች መስመር ሲዘረጉ ሁለቱንም ሥጋት ለየብቻው የሚያሰሉት ለዚህ ነው፦ ለረብሻው የብርሃን ገመድን፣ ለመቆረጡ ደግሞ ተለዋጭ መንገድን ያዘጋጃሉ።