ከካርቱም ጎንደር በብስክሌት ይደረሳል ወይ?

ከጦርነቱ በፊት አርካዊት ስናስተምር አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ፣ «ቲቸር፣ ከዚህ ጎንደር በብስክሌት ይደረሳል ወይ?» አለን። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ እኛም አብረን ሳቅን። በኋላ ስናስበው ግን ጥያቄው የሚያስቅ አልነበረም። ዘግይቶም ቢሆን መልሱ ይኸውና።

ይደረሳል። እ.ኤ.አ. በ2003 «ቱር ዳፍሪክ» የተባለው የብስክሌት ጉዞ ከካይሮ ኬፕታውን ሲሄድ በካርቱም፣ በገዳሪፍ፣ በገላባትና በመተማ አድርጎ ጎንደር ወጥቷል። ከዚያም ለዓመታት በዚሁ መስመር ተመላልሷል። ጠቅላላ ርቀቱ ወደ 12,000 ኪሎ ሜትር ሲሆን አራት ወር ገደማ ይፈጅ ነበር።

የጉዞው ዋና ብልሃት ወቅቱ ላይ ነበር። ከካይሮ የሚነሱት በጥር ስለነበረ ሱዳንን የሚያቋርጡት ሙቀቱ ሳይበረታ፣ ገዳሪፍን የሚያልፉት ደግሞ ዝናብ ሳይጥል ነበር። የገዳሪፍን ጥቁር አፈር በክረምት የረገጠ ያውቀዋል፤ እንኳን ጎማ እግርም አይነቀልም። በቀን በአማካይ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ሲነዱ ምግብና ውሃ የጫነ መኪና ቀድሞ ይጠብቃቸው ነበር። ካርቱም ከባሕር ጠለል በላይ 380 ሜትር ገደማ ስትሆን ጎንደር ከ2,000 በላይ ናት። እስከ ገላባት ሜዳ ነው ማለት ይቻላል፤ ዳገቱ ሁሉ ከዚያ ወዲህ ስለሆነ ጉልበት ቆጥቦ መድረስ ያስፈልጋል። በአገራችን በኩል ልጆች ድንጋይ እየወረወሩ ብስክሌተኞቹን አስቸግረዋል። ይህን የምንጽፈው እያፈርን ነው፤ መምህራንም ነንና።

በዚህ አቅጣጫ ከእነሱ በፊት የተጓዙ ብዙ ናቸው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1771 መጨረሻ ከጎንደር ተነስቶ ሴናር የገባው በ1772 ሚያዝያ ነው። በረሃውን እየቻለ ሄዶ ጤዋ ላይ ሲደርስ የአገሩ ሼክ አላሳልፍም ብሎ ለሳምንታት አቆየው።

የእኛም ነገር ከዚህ አይርቅም። ብስክሌተኞቹ ፓስፖርት አስመትተው ያለፉትን ኬላ ከመካከላችን ብዙዎች በሌሊት፣ በእግር፣ በጎን ዞረነዋል። ሱዳን ውስጥ ስደተኛ ከካምፕ ርቆ ለመሄድ የጉዞ ፈቃድ ይጠየቃል። ያ ተማሪ ደብተሩ ላይ መንገዱን ሲስል ከተሞቹን በሙሉ አስገብቶ ነበር። ወረቀቱን ግን እሱም ረሳው፣ እኛም አላስታወስነውም።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ተነሳ። አርካዊትን ለቀን ስንወጣ ሁላችንም ተበታተንን። ያ ልጅ ብስክሌቱን ይዞ በማዳኒ መንገድ ወጣ፤ 190 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሁለት ቀን ፈጀበት። አሁን ካምፕ ውስጥ አብሮን አለ። ያንኑ ደብተር ሲያሳየን በአሮጌው ካርታ ላይ ውሃ ያገኘባቸውን ቦታዎች በቀይ እስክሪብቶ ምልክት አድርጎባቸዋል፤ ሰባት ናቸው። ኬላዎቹን ደግሞ በጥቁር።