ማውጫውና መጽሐፉ፦ የኮምፒውተር ማስነሻ ዝርዝር አጭር ታሪክ



ከባሕር ዳር በጀልባ ብዙም በማይርቀው በክብራን ገብርኤል ገዳም፣ እንደ ሌሎች ጥንታውያን ገዳማት ሁሉ፣ የአራቱ ወንጌላት ብራና ይገኛል። በእንዲህ ያሉ ብራናዎች መግቢያ ላይ የቂሳርያው አውሳብዮስ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያዘጋጃቸው 10 ሰንጠረዦች ሰፍረዋል። ሰንጠረዦቹ ወንጌሉን አይተርኩም፤ አንዱ ታሪክ በማቴዎስና በሉቃስ በየትኛው ቁጥር እንደሚገኝ ያመለክታሉ እንጂ። ጸሐፊው አንዱን ቁጥር ቢስት አንባቢው ይቸገራል፤ ወንጌሉ ግን በቦታው አለ። የዛሬው ገለጻዬ ፍሬ ነገርም ይኸው ነው፦ ማውጫው ጠፋ ማለት መጽሐፉ ጠፋ ማለት አይደለም።

ይህን የምለው በየዓመቱ በመመረቂያ ሰሞን በሚደገም አንድ ችግር ምክንያት ነው። ዊንዶውስና ሊኑክስ ጎን ለጎን የተጫኑበት ላፕቶፕ ከዝማኔ በኋላ ሲከፈት የተለመደው የምርጫ ዝርዝር አይመጣም። ተማሪው ይደነግጣል፤ ጠጋኙ «ፎርማት ይደረግ» ይላል፤ የሁለት ዓመት ጥናት በአንድ ከሰዓት በኋላ ይደመሰሳል። ብዙውን ጊዜ የተበላሸው ግን ጥናቱ የተቀመጠበት ቦታ ሳይሆን ወደዚያ የሚያመለክተው ጥቂት መስመር ብቻ ነበር።

በመጀመሪያ፣ ሁለት ሥርዓተ ክወና በአንድ ማሽን ላይ ለምን አስፈለገን? የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ 3.0 የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የአማርኛ ሰነድ የሚጻፈው እያንዳንዱ ሶፍትዌር በራሱ በመረጠው የፊደል ኮድ ሲሆን፣ በሰፊው የተሠራጩት በዊንዶውስ ላይ የሚሠሩ ነበሩ። የቆየ ሰነድ ያለው ሰው ዊንዶውስን ሊተው አልቻለም። በሌላ በኩል የሥርዓተ ክወናና የኔትወርክ ትምህርት ሊኑክስን ይፈልጋል። ኡቡንቱ እ.ኤ.አ. በ2004 ሲወጣና ሲዲው እስከ 2011 ድረስ በፖስታ በነፃ ሲላክ፣ ኢንተርኔት ውድና ደካማ ለሆነበት አገር ትልቅ ነገር ነበር። ስለዚህ ሁለቱ በአንድ ዲስክ ላይ ጎረቤት ሆኑ።

የጎረቤትነቱ ችግር ከዚያ አስቀድሞ የተተከለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 ፒሲ ዶስ 2.0 ከደረቅ ዲስክ እንዲነሣ ሲደረግ፣ የማስነሻው ጽሑፍና የዲስኩ ክፋዮች ሰንጠረዥ በአንድ የ512 ባይት ስፍራ ላይ ሰፈሩ። ከዚህ ውስጥ 64ቱ ባይት ለአራት ክፋዮች ብቻ የሚበቃ ሰንጠረዥ ነው። በር አንድ ስለሆነ ኋላ የመጣው የፊተኛውን ቁልፍ ይቀይራል፤ ዊንዶውስ እንደገና ሲጫን የሊኑክስ ዝርዝር የሚጠፋው በዚህ ምክንያት ነበር።

የሊኑክስ ቀዳሚ አስነሺ የነበረው ሊሎ ከርነሉ በዲስኩ ላይ ያረፈባቸውን ቦታዎች በቁጥር መዝግቦ ይይዝ ነበር። ከርነሉ ታድሶ ሊሎ እንደገና ካልተካሄደ ማሽኑ ወደ አሮጌው ቦታ ይሄዳል፤ ይህም አለመነሣትን ሊያስከትል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1995 ኤሪክ ቦሊን የጀመረው ግረብ ፋይሉን በስሙ መፈለግ በመቻሉ ይህን ጣጣ አቃለለ።

እ.ኤ.አ. ከ2012 ወዲህ፣ ከዊንዶውስ 8 ጋር፣ ዩኢኤፍአይ የሚባለው አዲሱ አሠራር በስፋት ገባ። በዚህ አሠራር እያንዳንዱ ሥርዓት በጋራ ክፋይ ውስጥ የየራሱ አቃፊ አለው፤ ማን ይቅደም የሚለው ቅደም ተከተል ደግሞ በማዘርቦርዱ ማኅደር ውስጥ ይጻፋል። በሩ በዛ፤ ክርክሩ ግን አልቀረም፤ አንድ ዝማኔ ቅደም ተከተሉን ሊለውጥ ይችላልና። ከዚህ ጋር ሴክዩር ቡት መጣ፤ የታመነ ፊርማ የሌለውን አስነሺ የሚያግድ ጥበቃ ነው።

ሁለት የቅርብ ክስተቶች ይህን ታሪክ ያሳያሉ። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ግረብ 2.06 ሌሎች ሥርዓቶችን የሚፈልገውን መሣሪያ ለደኅንነት ሲባል ዘጋው፤ በብዙ ማሽኖች ላይ ዊንዶውስ ሳይነካ ከዝርዝሩ ተሰወረ። ነሐሴ 7 ቀን 2016 ዓ.ም. ማይክሮሶፍት ያወጣው ዝማኔ ደግሞ ደካማ የሆኑ የቆዩ አስነሺዎችን ለማገድ ታስቦ፣ ሊነካቸው ያልታሰቡ ሁለት ሥርዓት ያላቸው ማሽኖች ሊኑክስን እንዳያስነሡ አደረገ። በሁለቱም ጊዜ የተጠቃሚው ፋይል አልጠፋም።

እንግዲህ ችግሩን መፈለግ ታሪኩን ከሥር ወደ ላይ ማንበብ ነው። መጀመሪያ የማዘርቦርዱን የራሱን የማስነሻ ምርጫ መክፈት ይገባል፤ ሁለቱም ሥርዓቶች እዚያ ከታዩ የተለወጠው ተራው ብቻ ነው። የማሽኑ ቀን ወደ ኋላ ተመልሶ ከተገኘ የማዘርቦርዱ ባትሪ አልቆ ቅንብሩ ሳይለወጥ አልቀረም፤ በቆዩ ማሽኖች ላይ ይህ የተለመደ ነው። ዝርዝሩ መጥቶ ዊንዶውስ ከጎደለ የግረብ ፈላጊ እንዲሠራ ተፈቅዶ ዝርዝሩ ይታደሳል። አዲሱ ከርነል እምቢ ካለ፣ መብራት በዝማኔ መካከል ሲቋረጥ እንደሚያጋጥመው፣ ከተጨማሪ አማራጮች ውስጥ የቀድሞው ይመረጣል። የጥበቃ ማስጠንቀቂያ ከመጣ ሴክዩር ቡት ለጊዜው ተዘግቶ፣ አስነሺው ታድሶ፣ ጥበቃው ይመለሳል። ዊንዶውስ በቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነ ግን ማንኛውንም ቅንብር ከመንካት በፊት የማስመለሻ ቁልፉን በእጅ መያዝ ግድ ነው።

ጥቁር ስክሪን ላይ «ግረብ» የሚል ቃል ብቻ ቢቀርም ከፍላሽ ላይ ሊኑክስን አስነሥቶ ክፋዮቹን መመልከት ይቻላል። ፋይሎቹ ከታዩ የመጀመሪያው ሥራ ጥገና ሳይሆን ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ ነው። ፎርማት የመጨረሻው አማራጭ እንጂ የመጀመሪያው ምርመራ አይደለም።

የገዳማቱ ጸሐፍት ማውጫው ስለተሳሳተ ብራናውን አልፋቁም፤ ቁጥሩን አረሙ እንጂ። እኛም ማሽኑ «አላገኘሁም» ሲል «የለም» ማለቱ እንዳልሆነ ብንለይ፣ ብዙ የመመረቂያ ጽሑፎች ከከንቱ ጥፋት ይድናሉ።