የሳይኮሎጂ ዲግሪ ስንት ያስከፍላል?

የትምህርት ክፍል ምርጫ በደረሰ ቁጥር «ሳይኮሎጂ ያዋጣል ወይ?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። መላሹ ብዙውን ጊዜ የሚያወራው ስለ ደመወዝ ብቻ ነው። ስለ ዕዳው የሚያነሳ ግን ጥቂት ነው። እኔ የተማርኩት ጋዜጠኝነት ስለሆነ በሳይኮሎጂ ምሩቃን የመሳቅ መብት የለኝም። ለማንኛውም፣ ዕዳው ከየት መጣ የሚለውን አብረን እንይ።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ትምህርት ሲጀምር ዋናው ጭንቀት የተማሪ ማነስ ነበር። አገሪቱ የተማረ ሰው ስለጠማት ተማሪ ይከፈልለት ነበር እንጂ አይከፍልም። ይሁንና «በነፃ» የሚለውን ቃል ጠጋ ብላችሁ ብታዩት ሙሉ በሙሉ ነፃ አልነበረም። በ1950ዎቹ መገባደጃ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ «የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት» የሚባል ደንብ አወጣ። ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ክፍለ ሀገር ወርዶ ያገለግላል። አብዛኛው ያስተምር ነበር፤ ይህን ያላደረገ ዲግሪ የለውም። እንግዲህ ይህም ዕዳ ነው፤ የሚከፈለው ግን በጉልበትና በጊዜ ነው። የሕግ ተማሪውም የምህንድስናውም አንድ ዓመት ነው የሚከፍለው። በ1967 ዓ.ም. ደርግ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችንና መምህራንን ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ ሲያዘምት፣ ያው ሐሳብ ወታደራዊ መልክ ያዘ።

ደርግ ግን አንድ ነገር አልነካም፤ ምሩቅ ሥራ ይመደባል። የምትመደብበትን ቦታ አትመርጥ ይሆናል፣ ደመወዝ ግን ይጠብቅሃል። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ይህ ዋስትና ቀረ። ሥራ መፈለግ የምሩቁ የግል ጉዳይ ሆነ።

የክፍያው ነገር የመጣው ከዚያ በኋላ መሆኑን ልብ በሉልኝ። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 351 ተማሪው ወጪ እንዲጋራ ደነገገ። እኛ «ኮስት ሼሪንግ» የምንለው ይኸው ነው። በደንቡ መሠረት ተማሪው የምግብና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን ይሸፍናል። ሲመረቅ ከገቢው ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠ ቢበዛ በ15 ዓመት ይከፍላል። መምህር የሚሆን ግን በአገልግሎቱ ይከፍላል፤ የድሮው ሐሳብ በዚህች በኩል ተርፏል ማለት ነው።

ሐሳቡ የተወሰደው ከአውስትራሊያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 እዚያ የተጀመረውን ሥርዓት ከቀመሩት አንዱ ኢኮኖሚስቱ ብሩስ ቻፕማን፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ ስለ ኢትዮጵያም ጥናት ጽፏል። የአውስትራሊያው ሥርዓት ፍሬ ነገሩ አንድ ነው፤ ገቢህ ከተወሰነ መጠን ካላለፈ አትጠየቅም። ዕዳው የሚከተለው ደመወዙን እንጂ ሰውየውን አይደለም።

ወደ ሳይኮሎጂዋ ምሩቅ እንመለስ። ለሒሳቡ ያህል ዕዳዋ 20,000 ብር፣ የመጀመሪያ ደመወዟ 5,000 ብር ነው እንበል። በወር 500 ብር እየተቆረጠ በ40 ወር ያልቃል። አሜሪካ ያለ ዘመድ ቢሰማ «ይሄም ዕዳ ሆኖ ነው?» ብሎ ይስቃል። እኔም በወረቀት ላይ ሳየው አይከፋኝም።

ችግሩ ያለው ከደመወዙ በፊት ነው። ተመራቂ መጀመሪያ የሚሰጠው ጊዜያዊ ዲግሪ ነው፤ ተማሪው «ቴምፖ» ይለዋል። ዋናውን ዲግሪ ለማግኘት የወጪ መጋራቱን መክፈል አለበት። ስለዚህ ከገቢ ይቆረጣል የተባለው ዕዳ ብዙ ጊዜ የሚሰበሰበው በሬጅስትራር መስኮት ነው፣ ያውም በአንድ ጊዜ። የሚከፍለው ደግሞ ደመወዝተኛው ሳይሆን ቤተሰቡ ነው። ገቢን መሠረት አድርጎ የተጻፈው ደንብ በአፈጻጸም ሲታይ ወረቀትን መያዣ ያደረገ ብድር ሆነ።

ይህ ለሁሉም እኩል አይከብድም። የምህንድስናዋም የሳይኮሎጂዋም ምሩቅ የተኙበት አልጋና የበሉት ሽሮ አንድ ነው፤ የዕዳቸው ትልቁ ክፍልም ይኸው ነው። የሚለያዩት በር ላይ ነው። በሳይኮሎጂ የመጀመሪያ ዲግሪ ሆስፒታል ገብቶ ማከም አይቻልም፤ ክሊኒካል ሳይኮሎጂ ሁለተኛ ዲግሪ ይጠይቃል። የመጀመሪያውን ይዛ የምትወጣው ልጅ ፊቷ ያለው የትምህርት ቤት ምክር አገልግሎት፣ የሰው ኃይል አስተዳደር፣ የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት፣ መንግሥታዊ ያልሆነ ድርጅት ነው። ያም ከተገኘ። እነዚህን ቦታዎች ደግሞ ከሶሲዮሎጂና ከማኔጅመንት ምሩቃን ጋር ነው የምትሻማው።

በዚያ ላይ ብዙዎቹ ሳይኮሎጂን አልመረጡትም። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በተተገበረው የ70/30 ፖሊሲ ማኅበራዊ ሳይንስ በ30 በመቶው ውስጥ ተጨናንቆ ነበር፤ በዚያ ውስጥ ደግሞ ክፍል የሚደለደለው በውጤትና በኮታ ነው። ሕግ ሞልታ ሳይኮሎጂ የደረሳት ልጅ ዕዳዋ የሚሰላው እንደመረጠችው ተደርጎ ነው።

«ያዋጣል ወይ?» ለምትሉኝ፣ እኔ ሁለተኛ ዲግሪ ለመቀጠል ካሰበ ሰው ጋር ነው የምቆመው። ሙያው ያለው እዚያ ነው፤ አገሩም የአእምሮ ሐኪምና የሥነ ልቦና ባለሙያ በእጅጉ ይጎድለዋል። ግን ማመልከቻው ላይ ዋናው ዲግሪና ትራንስክሪፕት ይጠየቃል። ስለዚህ ምርጫውን የምትሞሉ ልጆች ስለ ደመወዙ ከማሰባችሁ በፊት፣ በተመረቃችሁ ማግስት ያንን ገንዘብ በአንድ ጊዜ ከየት እንደምታመጡ ከቤተሰብ ጋር ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ።