በአንድ እጅ የማይጨበጨብ ምት

«ዊፕላሽ»ን ያላየ የኔ ዘመን የሙዚቃ ወዳጅ ጥቂት ነው። በ2014 በወጣው በዚህ ፊልም ላይ አንድ ወጣት ድራመር እጁ እስኪደማ ይመታል፣ መምህሩ ደግሞ ወንበር ይወረውርበታል። መምህሩ ጭካኔውን ትክክል የሚያደርገው አንድ የጃዝ ወግ እየጠቀሰ ነው፦ ጆ ጆንስ የሚባል ድራመር በቻርሊ ፓርከር ራስ ላይ ሲምባል ወረወረ፣ ፓርከርም በእልህ ተለማምዶ ታላቅ ሆነ ይላል። ሙዚቀኞች ሲቀባበሉት የኖሩት ወግ ግን እንዲህ አይደለም። በ1930ዎቹ አጋማሽ ካንሳስ ሲቲ ውስጥ ጆንስ ሲምባሉን የጣለው ገና ልጅ በነበረው በፓርከር እግር ሥር ነው። «በቃህ፣ ውረድ» ማለቱ ነበር፤ የሚያሳፍር እንጂ የሚገድል ነገር አልነበረም። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። ፊልሙ ለደምና ለፍጥነት ምስክር አድርጎ የጠራው ሰው በጃዝ ታሪክ ውስጥ የሚታወቀው በተቃራኒው ነው። ጆ ጆንስ ምቱን ያቀለለ፣ ፈገግ እያለ የሚመታ ሰው ነበር። ስዊንግ ምን እንደሆነ ለማወቅ ከፊልሙ ወጥተን እሱና ዘመነኞቹ የሠሩበትን ወለል ማየት አለብን።

በወረቀት ላይ ነገሩ ቀላል ነው። አንዱን ምት ለሁለት እኩል ከመክፈል ይልቅ የመጀመሪያውን ድምፅ ታስረዝማላችሁ፣ ሁለተኛውን ታሳጥራላችሁ። ሲምባል ላይ ሲመታ «ቲን፣ ቲን-ቲ፣ ቲን፣ ቲን-ቲ» ይላል። ቺክቺካ ለለመደ የኛ ጆሮ ይሄ ብዙም እንግዳ አይደለም፤ ምት ለሦስት ሲከፈል ምን እንደሚመስል ትከሻችን ቀድሞ ያውቀዋል። ግን ረጅምና አጭር መምታት ብቻውን ስዊንግ ቢሆን ኖሮ ማንም ሰው በአንድ ሳምንት ይለምደው ነበር።

በ1920ዎቹ የዳንስ ባንዶች ውስጥ ድራመሩ በእግሩ ትልቁን ቤዝ ድራም እየረገጠ፣ በእጁ ስኔሩን እያንኳኳ ባንዱን ከኋላ የሚገፋ ሰው ነበር። ባንዱ ትራምፔት፣ ትሮምቦንና ሳክስፎን እየጨመረ ወደ 15 ሰው ገደማ ሲደርስ ያን ሁሉ ትንፋሽ አብሮ ማስኬድ ከባድ ሥራ ሆነ። ከባንዱ ፊት ደግሞ ሌላ ዳኛ ነበር፦ ዳንሰኛው።

ሳቮይ የተባለው የዳንስ አዳራሽ በ1926 በኒው ዮርክ ሃርለም፣ ሌኖክስ ጎዳና ላይ ተከፈተ። ጥቁርና ነጭ በአንድ ወለል ላይ የሚደንስበት ቤት ነበር፤ ይህ በዚያ ዘመን አሜሪካ ብርቅ ነው። ሁለት መድረክ ስለነበረው አንዱ ባንድ ሲያበቃ ሌላው ይቀበላል፣ ሙዚቃ አይቋረጥም። እኛ ሶፍትዌር ስንለቅ ተጠቃሚው ወደደው ጠላው የሚለውን በዳሽቦርድ እናያለን። የሳቮይ ድራመር ዳሽቦርዱ ወለሉ ነበር። ምቱ ከከበደ እግሮች ይከብዳሉ፣ ከተንገዳገደ ጥንዶች ይጋጫሉ። ማስመሰል የሚባል ነገር የለም።

የዚያ ቤት ጌታ ቺክ ዌብ ነበር። የባልቲሞር ልጅ ነው፤ በልጅነቱ የያዘው የአከርካሪ ቲቢ ጀርባውን አጉብጦ ቁመቱን አሳጥሮታል። ኖታ አያነብም፣ ግን የባንዱን ሙዚቃ ሁሉ በቃሉ ይዞታል። ግንቦት 11 ቀን 1937 የቤኒ ጉድማን ባንድ ሳቮይ ድረስ መጥቶ ገጠመው። ጉድማን «የስዊንግ ንጉሥ» እየተባለ የሚጠራ ነጭ ባንድ መሪ፣ ድራመሩ ጂን ክሩፓ ደግሞ በመላ አገሪቱ ዝነኛ ነው። ሺዎች ታደሙ። የዚያን ምሽት ወለሉ የፈረደው ለዌብ ነበር፤ ክሩፓ ራሱ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣው። የንጉሥነት ስሙ ግን ከጉድማን ጋር ቀረ። ዌብ ሁለት ዓመት ቆይቶ ሰኔ 1939 በወጣትነቱ ሞተ፤ ባንዱን ዘፋኙ ኤላ ፊትዝጀራልድ ተረከበች።

ወደ ጆንስ እንመለስ። ካውንት ቤዚ ከካንሳስ ሲቲ ይዞት በመጣው ባንድ ውስጥ ጆንስ ያደረገው ለውጥ ሲነገር ትንሽ ይመስላል፤ ምቱን ከእግሩ ወደ ሃይ-ሃት አዛወረ። ሃይ-ሃት ማለት በፔዳል የሚከፈቱና የሚዘጉ፣ ፊት ለፊት የተገጠሙ ሁለት ሲምባሎች ናቸው። ጆንስ ሲከፍታቸውና ሲዘጋቸው ድምፁ ቆረጥ ቆረጥ ማለቱን ትቶ እንደ ውሃ ይፈስ ጀመር። ቤዝ ድራሙን አልተወውም፤ ግን ከመሰማት ይልቅ ውስጥ ለውስጥ እንዲዳሰስ አድርጎ በቀስታ ነካው።

ውጤቱን ልብ በሉ። ቤዝ ድራሙ ዝም ሲል ከታች ቦታ ተለቀቀ። በዚያ ቦታ የዋልተር ፔጅ ቤዝ በየመለኪያው አራት እርምጃ ሲራመድ ተሰማ። በ1937 ፍሬዲ ግሪን መጣና ማጉያ በሌለው ጊታር አራቱንም ምት ይገዘግዝ ጀመር፤ እስከሞተበት እስከ 1987 ድረስም ይህንኑ ሲያደርግ ኖረ። ቤዚ ራሱ ፒያኖው ላይ አንዳንድ ነጥብ ጣል እያደረገ ዝም ይላል። አራት ሰዎች፣ አራቱም ከሚችሉት ያነሰ እየተጫወቱ፣ ከኋላቸው ያለውን ባንድ እንደ ላባ አነሱት። የጆንስ ጥበብ የመተው ጥበብ ነው።

እኔ ደግሞ ኮድ ጸሐፊ ስለሆንኩ ነገሩን በቁጥር መሞከር ነበረብኝ። የሲምባሉን ምት 2 ለ 1 አድርጌ በአጭር ፕሮግራም አስመታሁት። በሚሊ ሰከንድ ደረጃ እንከን የለውም፤ ሲሰማ ግን የሚያነክስ ፈረስ ነው። አንደርስ ፍሪበርግ እና አንድሪያስ ሰንድስትሮም የተባሉ ስዊድናውያን ተመራማሪዎች በ2002 ያሳተሙት ጥናት አንዱን ምክንያት ነገረኝ። ድራመሮች ቋሚ ንጽጽር የላቸውም። ሙዚቃው ሲዘገይ የረጅምና የአጭሩ ልዩነት ይሰፋል፣ ሲፈጥን ይጠባል፤ ከመካከለኛ ፍጥነት ወደ ላይ አጭሩ ድምፅ 100 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ላይ ይረጋል። ሒሳቡን ሥሩት፦ በደቂቃ 150 ምት ላይ ይህ 3 ለ 1 ይሆናል፣ 200 ላይ 2 ለ 1፣ 300 ላይ እኩል በእኩል። ቋሚው ነገር ንጽጽሩ ሳይሆን አጭሯ ድምፅ ናት።

በ2022 የጀርመን ተመራማሪዎች የጨመሩት ደግሞ ለኔ ይበልጣል። የሶሎ ተጫዋቾችን ቅጂ ሲመረምሩ፣ ሶሎ የሚጫወተው ሰው ምቱ ላይ የሚያርፈውን ድምፅ ከድራምና ከቤዙ በ30 ሚሊ ሰከንድ ገደማ እንደሚያዘገይ፣ በመካከል ያለውን አጭር ድምፅ ግን ከእነሱ ጋር እንደሚያገጣጥም አገኙ። ስለዚህ የኔ ፕሮግራም ሲምባሉን የቱንም ያህል አጥርቶ ቢመታ የጎደለው ሌላ ሰው ነበር። የሚዘገይበት፣ የሚደገፍበት፣ የሚመልስለት ሰው። አንድ እጅ ብቻውን አያጨበጭብም ይባል የለ!

ያ ዘመን ብዙ አልቆየም። ጦርነቱ ሙዚቀኞችን ወሰደ፤ በ1944 በዳንስ ቤቶች ላይ የተጣለው 30 በመቶ ግብር ወለሉን አራቆተው፤ ጃዝም ቁጭ ብለው የሚያዳምጡት ሙዚቃ እየሆነ መጣ። ብዙዎቹ ትልልቅ ባንዶች ተበተኑ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አንድ ነገር ግን መዝለል አልችልም። ሐምሌ 1956፣ የኒውፖርት ጃዝ ፌስቲቫል። ዝናው ቀዝቅዞ የነበረው ዱክ ኤሊንግተን መድረክ ላይ ነው፤ ድራሙን ሳም ውድያርድ ይዟል። ሳክስፎኒስቱ ፖል ጎንሳልቬስ 27 ዙር ሶሎ ሲጫወት ከታዳሚው መካከል አንዲት ሴት ተነስታ መደነስ ጀመረች፣ ሕዝቡም ተከተላት። መድረኩ ጫፍ አጠገብ ደግሞ ጆ ጆንስ ነበር፤ የዚያ ባንድ አባል እንኳ አይደለም። የተጠቀለለ ጋዜጣ ይዞ ምቱን እየመታ፣ እየጮኸ፣ ባንዱን ያበረታታል። ሙዚቀኞቹ ወደሱ እያዩ ይጫወታሉ። ድራም በሌለበት ድራመር፣ አዳራሽ በሌለበት ዳንሰኛ፤ ስዊንጉ ግን እዚያው አለ።

እንግዲህ ጆሮ ማዳመጫችሁን አድርጉና የቤዚን «ዋን ኦክሎክ ጃምፕ» የ1937ቱን ቅጂ ክፈቱት። ድራሙን ብቻ ለይታችሁ ለመስማት ሞክሩ። የቅጂውን እርጅና ትታችሁ ስትሰሙ እንኳ ሃይ-ሃቱ የት አልቆ ጊታሩ የት እንደሚጀምር ለመለየት ትቸገራላችሁ። ጆንስ ሲደክምለት የኖረው ለዚህ ነው።