እንቅርት ከአንገት ባሻገር

«በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚባለው አንዱ ችግር ሳይለቅ ሌላው ሲደረብ ነው። ሕክምናም ብዙ ዘመን እንቅርትን በዚሁ ዓይን ሲያይ ኖሯል፤ እብጠቱን ለብቻ፣ ድካሙን ለብቻ፣ ብርዱን ለብቻ።

ዊልያም ገል እ.ኤ.አ. በ1873 ፊታቸው ያበጠ፣ አካልና አእምሯቸው የዘገመ ሴቶችን ሁኔታ በለንደን ገለጸ። በ1878 ዊልያም ኦርድ ለሕመሙ ማይክስዲማ የሚል ስም አወጣለት። ከታይሮይድ ዕጢ ጋር ያለውን ዝምድና ይበልጥ ያጠራው ግን የቀዶ ሕክምና ጉዳት ነው ማለት ይቻላል። የስዊዘርላንዱ ቴዎዶር ኮኸር በእንቅርት ምክንያት ዕጢያቸውን ሙሉ በሙሉ ያወጣላቸው ሕሙማን ቀስ በቀስ እንደ ደነዘዙ በ1883 በይፋ ተናገረ። የገዛ እጁን ጉዳት ቢደብቅ ኖሮ ዕውቀቱ በዘገየ ነበር። በ1891 ጆርጅ መሪ ከበግ ታይሮይድ የተዘጋጀ ጭማቂ ለአንዲት ታማሚ በመርፌ ሰጠ፤ ሴትዮዋ ከዚያ በኋላ 28 ዓመት ኖራለች።

ይህ ታሪክ ለላስታ ደጋ ባዕድ አይደለም። እንደ ገነተ ማርያም ባለ ተዳፋት አገር ዝናብ አፈሩን ሲያጥብ አዮዲኑን ይዞት ይሄዳል፤ በዚያ የሚበቅለው እህልም የዚያኑ ያህል ይጎድለዋል። ጨውም ለዘመናት ከአፋር ቆላ በአሞሌ መልክ በሰቆጣ ገበያ በኩል ሲመጣ አዮዲን የሚጨምርበት አልነበረም። ስዊዘርላንድ በአዮዲን የበለጸገ ጨው ማከፋፈል የጀመረችው በ1922 ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ጨውን በአዮዲን ማበልጸግን ግዴታ ያደረገው ደንብ የወጣው በ2011 ነው።

በመካከሉ የደረሰው ጉዳት በአንገት አልተወሰነም። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ አገር አቀፍ ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑ ሴቶች 35.8 በመቶው እንቅርት እንደነበረባቸው መዝግቧል፤ እርግዝና ያለ ፍሬ መቅረቱም እንቅርት ባለባቸው ላይ በዝቶ ታይቷል። ለፅንሱ አንጎል ዕድገት የእናቲቱ የታይሮይድ ሆርሞን የግድ ነውና፣ የከፋ እጥረት ከተወለደ በኋላ የማይታረም ጉዳት ያስከትላል።

ደጋ ላይ «ብርድ መታኝ» የማይል ሰው የለም፤ ችግሩም እዚህ ላይ ነው። ብርድን መጥላት፣ የሆድ ድርቀት፣ የድምፅ መጎርነን፣ የቆዳ መድረቅ፣ የወር አበባ መብዛትና የልብ ምት መዘግየት በአንዲት ሴት ላይ ሲገጣጠሙ የታይሮይድ ሆርሞን ማነስን ሊያመለክቱ ይችላሉ። በአንጻሩ ትልቅ እንቅርት ያለባት ሴት ሆርሞኗ ያልተዛባ፣ አንገቷ ለስላሳ የሆነችውም ሆርሞኗ የነጠፈ ሊሆን ይችላል፤ የሚለያቸውም የደም ምርመራ ነው።