ዚንክ ያላቸው ማሟያዎች አወሳሰድ እና የመዳብ እጥረትን የመከላከል ጥንቃቄ

ዚንክ ለዕድገት፣ ለቁስል መዳንና ለበሽታ መከላከል አቅም፣ መዳብ ደግሞ ለደም ሴሎች መመረትና ለነርቭ ጤና የሚያስፈልጉ ማዕድናት ናቸው። ሁለቱም በጥቂት መጠን በቂ ናቸው። ከፍተኛ መጠን ያለውን ዚንክ ያለ ባለሙያ ክትትል ለረጅም ጊዜ መውሰድ ግን የመዳብ እጥረት ሊያስከትል ይችላል።

እጥረቱ የሚፈጠርበት ምክንያት

ብዙ ዚንክ ሲወሰድ የአንጀት ሴሎች ሜታሎቲዮኒን የተባለውን ፕሮቲን በብዛት ያመርታሉ። ይህ ፕሮቲን መዳብን አጥብቆ ስለሚይዝ፣ መዳቡ ወደ ደም ሳይገባ ከሚረግፉት የአንጀት ሴሎች ጋር በሰገራ ይወገዳል። መዳብ በሰውነት ውስጥ ለሚከማችበት የዊልሰን በሽታ ዚንክ የሚታዘዘውም በዚሁ ምክንያት ነው።

መጠንና የአወሳሰድ ጊዜ

• ተቅማጥ ለያዘው ሕፃን፦ የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጡት የጋራ ምክር መሠረት ዚንክ ከኦ.አር.ኤስ. ጋር ከ10 እስከ 14 ቀናት ይሰጣል፤ ከ6 ወር በታች ለሆነ በቀን 10 ሚ.ግ.፣ ከዚያ በላይ ለሆነ 20 ሚ.ግ.። ተቅማጡ ቢቆምም የታዘዘው ቀን መጠናቀቅ አለበት። ይህ አጭር ሕክምና ስለሆነ የመዳብ እጥረትን በመፍራት ማቋረጥ አይገባም።
• ለአዋቂዎች፦ በአሜሪካ የሥነ ምግብ መመዘኛ የቀን ፍላጎት ለወንድ 11 ሚ.ግ.፣ ለሴት 8 ሚ.ግ. ዚንክ ሲሆን፣ የመዳብ ፍላጎት 0.9 ሚ.ግ. ነው። በሐኪም ካልታዘዘ በቀር ከምግብና ከማሟያ የሚገኘው ዚንክ በድምሩ ከ40 ሚ.ግ. መብለጥ የለበትም።

በማሸጊያው ላይ የተጻፈው ክብደት ሁልጊዜ የንጹሕ ዚንክ መጠን አይደለም። ለምሳሌ 220 ሚ.ግ. ዚንክ ሰልፌት የያዘ እንክብል 50 ሚ.ግ. ገደማ ንጹሕ ዚንክ ስላለው፣ አንዱ ብቻ ከከፍተኛው የቀን መጠን ያልፋል።

የመዳብ እጥረት ምልክቶች

• አይረን ተወስዶ የማይሻሻል የደም ማነስና ድካም፤
• በነጭ የደም ሴሎች መቀነስ የተነሣ የሚደጋገም ኢንፌክሽን፤
• የእግርና የእጅ መደንዘዝ፣ ሲራመዱ ሚዛን መሳት።

የደም ማነሱ ዚንኩ ሲቋረጥና መዳብ ሲተካ አብዛኛውን ጊዜ ይስተካከላል። የነርቭ ጉዳቱ ግን ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ስለሚችል፣ ምልክቱ የታየበት ሰው ሳይዘገይ ሊመረመር ይገባል።

ሊደረጉ የሚገባቸው ጥንቃቄዎች

1. ከአንድ በላይ ማሟያ የሚወስዱ ሰዎች በሁሉም ውስጥ ያለውን ዚንክ ሊደምሩ ይገባል።
2. መዳብም ሲበዛ ስለሚጎዳ፣ ያለ ምርመራ የመዳብ ማሟያ መጀመር አይመከርም።
3. ነፍሰ ጡሮች የታዘዘላቸውን አይረን ሳያቋርጡ፣ ሌላ ማሟያ ከመጀመራቸው በፊት የጤና ባለሙያ ማማከር አለባቸው።
4. ዚንክ የአንዳንድ ፀረ ተሕዋስያንን ሥራ ስለሚቀንስ፣ የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ለፋርማሲ ባለሙያ ማሳወቅ ያስፈልጋል።
5. ሥጋ ጥሩ የዚንክ ምንጭ ነው፤ ጉበት፣ ሰሊጥ፣ ምስርና ሽምብራ መዳብ ይሰጣሉ። የእንጀራ ሊጥ መቡካቱም የዚንክን ወደ ሰውነት መግባት የሚያግደውን ፋይቴት ይቀንሳል።

አገልግሎት ለማግኘት

ማሟያው እንደ ቂሊንጦ ባሉ የአገር ውስጥ የመድኃኒት ማምረቻ ሥፍራዎች የተመረተም ሆነ ከውጭ የገባ፣ ፈቃድ ካለው መድኃኒት ቤት ብቻ ሊገዛ ይገባል። በቂሊንጦና በሌሎች አካባቢዎች የሚኖሩ ተገልጋዮች የሚወስዱትን ማሟያ ከነማሸጊያው ይዘው በአቅራቢያቸው ወዳለው ጤና ጣቢያ በመሄድ ምክር ማግኘት ይችላሉ። አጠራጣሪ ምርት ሲያጋጥም ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በነፃ የስልክ መስመር 8482 ማሳወቅ ይቻላል።